በአማርኛ ሲከፈት

በዚያ ዓመት የተማሪዎች ምዝገባ የተበላሸው በእኔ ምክንያት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ዛሬም ሐዋሳ ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹን ባጃጅ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጡኛል፣ ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። ስለ ምዝገባው አንስተውብኝ አያውቁም። ባያነሱም የሚያስቡትን አውቃለሁ፤ ወሬው ከማን አፍ ወጥቶ ማን ዘንድ እንደደረሰ ሁሉንም ተከታትያለሁ። ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ። ስም አልጠራም። የሚያውቁት ያውቃሉ፤ ለማያውቁት ደግሞ ስሙ ምንም አይፈይድላቸውም።

ስለ ራሴም ብዙ አልናገርም። ቤቴ ታቦር ነው። በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ከሁሉም በፊት የተቀጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ የቡድን መሪም ነበርኩ። ይህ ይበቃል።

ኃላፊያችን በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል። ሲቀጠር ጠረጴዛውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ያኔ እኔ አንተ እለው ነበር፣ እሱም እርስዎ ይለኝ ነበር፤ እንደ ወጉ። ኃላፊ ከሆነ በኋላ "አንቱ በሉኝ" ብሎ አልጠየቀም። ብቻ አንተ ብዬ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያዞራል። እርስዎ ስለው ዞሮ ያዳምጠኛል። እንዲህ አድርጎ አስለመደኝ። እሱ ግን እኔን የሚጠራኝ "ማዘር" እያለ ነበር። ከተማው ሁሉ ትልቅ ሴት ሲያይ ማዘር ይላል፣ በዚያ አልከፋም። የባጃጅ ሾፌር ማዘር ሲለኝ እንድቀመጥ ነው። እሱ ማዘር ሲለኝ እንድነሣለት ነው።

ሌላዋ ጓደኛዬ ናት። ጓደኛዬ ነበረች ማለት ይቀለኛል፤ ግን ያኔ ጓደኛዬ ናት። ከእኔ በብዙ ታንሳለች። የሲዳማ ልጅ ናት። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ ከብዙዎቻችን አማርኛ የእሷ ይጠራ ነበር። "እኔ በመጽሐፍ ነው የተማርኩት፣ እናንተ በጭቅጭቅ" እያለች ትቀልድብን ነበር። የምዝገባ ሲስተሙን ገጾች ወደ ሲዳሙ አፎ፣ ወደ ራሷ ቋንቋ፣ የመለሰችው እሷ ናት። አንድ ጸሎት ቤት ነበር የምንሄደው። ለጸሎት የምንሰበሰብበት የቤት ኅብረታችን አዲስ ከተማ ሰፈር እሷ ቤት ነበር፤ ልጆቿ ጭኔ ላይ ተኝተው ያውቃሉ። "እህቴ" ነበር የምትለኝ።

አሁን ወደ ነገሩ።

ምዝገባው ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ነበር። መብራት ሲሄድ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ፣ ሰርቨሩ ይወድቅና ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ ሁለት እንዲሆኑ ተወሰነ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቀጥል። ሲነገር ቀላል ነው። ተማሪ ስሙንና ፓስወርዱን አስገብቶ ሲገባ፣ ሰርቨሩ ማን እንደሆነና እስካሁን የትኞቹን ትምህርቶች እንደመረጠ በአእምሮው ይይዝለታል። ሴሽን እንለዋለን። ሰርቨሮቹ ሁለት ከሆኑ አንዱ የያዘውን ሴሽን በየጊዜው ለሌላው ማቀበል አለበት። ካላቀበለ፣ የመጀመሪያው በወደቀ ጊዜ ሁለተኛው ተማሪውን አያውቀውም። ማን ነህ ብሎ ከበር ይመልሰዋል።

ይህ መቀባበል በትክክል መሥራቱን ሳይሞክሩ ለተማሪ መክፈት አይገባም። ሥራ ላይ ያሉትን ሰርቨሮች እያጠፉ መሞከር ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት። የሲስተሙን ሁለት ቅጂ አስነሣሁ፤ አንድ ማሽን ላይ እንዳይጋጩ ለእያንዳንዳቸው የተለየ የበር ቁጥር፣ ፖርት የሚባለውን፣ ሰጠኋቸው። ከፊታቸው የሚመጣውን ጥያቄ እያከፋፈለ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም አቆምኩ። የትኛው ቅጂ እንደመለሰልኝ በዓይኔ እንዳይ፣ የአንዱን ገጽ አናት አረንጓዴ፣ የሌላውን ቢጫ ቀባሁት። ላፕቶፑ ሁለቱን ተሸክሞ እንደ ሐይቁ ጀልባ ሞተር ይጮህ ነበር።

በአማርኛው ገጽ በአንድ የሙከራ ተማሪ ስም ገባሁ። ትምህርቶች መረጥኩ። ገጹ አረንጓዴ ነው። ከዚያ አረንጓዴውን ቅጂ በድንገት ገደልኩት። በወጉ አላጠፋሁትም፤ መብራት ሲሄድ ደህና ሁኑ ብሎ አይሄድም። ገጹን እንደገና ጠራሁት። ቢጫ መጣ። ቢጫው ግን "ስምዎንና ፓስወርድዎን ያስገቡ" ይላል። የመረጥኳቸው ትምህርቶች የሉም። እኔም የለሁም።

ደገምኩት። ያው ነው። ጓደኛዬን ጠራኋት።

"ነይ እስቲ፣ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?"

መጥታ ከኋላዬ ቆመች። እያየች ደገምኩት። አረንጓዴ፣ ግድያ፣ ቢጫ፣ ማን ነህ።

"ውይ! ጠፉ እኮ" አለችኝ። "በእንግሊዝኛ ቢሞክሩትስ?"

እንዲያው ያለችው ነው፤ ግን በእንግሊዝኛ ከፈትኩት። አረንጓዴውን ገደልኩት። ቢጫው ተቀበለኝ፣ የመረጥኩት ሁሉ እንዳለ ነው። ተያየን። "የእኔንስ?" አለች፤ የሲዳሙ አፎውን ማለቷ ነው። ከፈትነው። ወደቀ።

ምክንያቱን ለማግኘት ከዚያ በኋላ ብዙ አልፈጀብኝም። በእንግሊዝኛው ገጽ አናት ላይ የሚታየው ቀን የፈረንጆቹ ነው፤ ከፕሮግራሙ ቋንቋ ጋር አብሮ የመጣ ዝግጁ ነገር ነው። በአማርኛውና በሲዳሙ አፎው ላይ የሚታየው የእኛ ቀን ነው፣ ጳጉሜ ያለበት። ያንን የቀን መቁጠሪያ የጻፈው ኃላፊያችን ነው። ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው፣ አልክድም፤ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን እንኳ አይሳሳትም። በየስብሰባው ያወራለት ነበር። ነገር ግን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚሻገር ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ መላክ እንደሚችል ኮዱ ላይ መገለጽ አለበት። አንድ ቃል ናት። እሱ አልጻፋትም። ቀኑ አልጠቀለል ሲል፣ በአንድ ሴሽን ውስጥ አብሮት ያለው ሁሉ ሳይጠቀለል ይቀራል፤ የተማሪው ስም፣ የመረጠው፣ ሁሉም። ሰርቨሩም በዚህ ነገር አይጮህም። ማንም በማያነበው ቦታ አንድ መስመር ጽፎ ዝም ይላል።

ለጓደኛዬ ይህን ሳስረዳት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። "የእሱ ቀን መቁጠሪያ! እህቴ፣ ይህን እርስዎ ይንገሩት። እኔ ቤተሰብ አለኝ።"

ነገርኩት። የእሱን ኮድ ከእሱ በቀር ማንም እንዲነካ ስለማይፈቀድ፣ ከመንገር ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ቢሮው ገብቼ ቆሜ ነው የነገርኩት፤ ተቀመጡ አላለኝም። ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ማዘር፣ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ይሠራል።"

"በየትኛው ቋንቋ ከፍተው?"

"እንዴት በየትኛው? ሰርቨር ቋንቋ አለው እንዴ?"

"በእንግሊዝኛ ነው የከፈቱት። በአማርኛ ይክፈቱት።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ሳቀ። "ኧረ ማዘር! ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማን በአማርኛ ይመዘገባል? አያቴ እንኳ ስልኳን በእንግሊዝኛ ነው የምትጠቀመው።"

"አያትዎ አይመዘገቡም።"

ሳቁ ቆመ። የያዝኩትን ላፕቶፕ በዓይኑ መዘነው። "ይሄ ማሽን ሁለት ሰርቨር ተሸክሞ ባይወድቅ ነው የሚገርመው። ማሽን እንደ ባለቤቱ ነው፣ ዕረፍት ይፈልጋል።"

በሩ ላይ ያለችው ጓደኛዬ ፈገግ አለች። ያኔ ሰው ሲቀልድ ሰው ፈገግ ይላል ብዬ አለፍኩት።

እንግሊዝኛ የሚመርጥ ተማሪ የለም አልልም። ነባሮቹ ይመርጣሉ። አዲስ ተማሪ ግን አድራሻውን ስልኩ ላይ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚመጣለት የአማርኛው ገጽ ነበር። ቋንቋ መቀየሪያው ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ከሀገሩ ጫፍ ተነሥቶ ሻንጣውን ይዞ ትናንት የገባ ልጅ ያንን ጥግ አይፈልግም።

የምዝገባው ቀን ሥራው በጠዋት ደህና ሄደ። ከዚያ መብራት ሄደ። ከሁለቱ ሰርቨሮች አንዱ ወደቀ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣም አልተነሣም። ሌላው፣ አዲሱ፣ ባትሪ ስለነበረው ብቻውን ቀጠለ። በእንግሊዝኛ የከፈቱት ምንም ሳይሰማቸው ተመዝግበው ወጡ። በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ከከፈቱት ውስጥ የወደቀው ሰርቨር ላይ የነበሩት በሙሉ ወደ ውጭ ተጣሉ። ተመልሰው ሲገቡ ደግሞ የብዙ ትምህርቶች ቦታ ሞልቷል ይላቸዋል፤ ቦታውን የያዙት እነሱው ራሳቸው ነበሩ፣ በሞተው ሰርቨር ላይ።

ቢሯችን ፊት ያለው ሣር በተማሪ ተሞላ። ፀሐዩ ያቃጥላል። አንዲት ልጅ በመስኮቱ ብረት መሐል ስልኳን አስገብታ አሳየችኝ። "ገብቼ ነበር እኮ! አውቆኝ ነበር እኮ! ስሜን ጽፎልኝ ነበር!" ትላለች ደጋግማ። ከአነጋገሯ ሩቅ አገር የመጣች ናት። ቆዪ አልኳት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አላውቅም። ያ ዓመት የብዙ ልጅ ትምህርት ተዛብቶበታል፤ የማይፈልገው ክፍል የገባ አለ፣ ሻንጣውን ይዞ የተመለሰ አለ። ይህ ነው በእኔ ስም የተጻፈው።

የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ስብሰባ ጠራ። ጠረጴዛው ረጅም ነበር፤ እኔ በጫፉ፣ ኃላፊው ከምክትሉ አጠገብ፣ ጓደኛዬ መሐል ላይ። ምክትሉ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው።

"ይህ ነገር አስቀድሞ አልተሞከረም?"

"ተሞክሯል" አለ ኃላፊው። "ሙከራውን የሠሩት ማዘር ናቸው።"

እውነት ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። እዚያ አማርኛችን ክፉ ነው፤ ተሞክሯል ሲባል ሰው የሚሰማው አልፏል ተብሎ ነው።

"ሞክሬው ወድቋል" አልኩ። "ወድቋል ብዬም ቢሮዎ መጥቼ ነግሬዎታለሁ።"

"ማዘር፣ እርስዎ ስለ ላፕቶፕዎ ነው ያወሩኝ።"

"ሙከራውን ያየ ሰው አለ?" አለ ምክትሉ።

አለች አልኩ። በጣቴ አሳየኋት። ሰው በጣት አይጠቆምም፣ ግን ተረጋግቼ ነበር፤ የማውቃት ሴት ናት፣ በውሸት አፏን አትከፍትም። አሁን ተነሥታ ትናገራለች፣ ያበቃል ብዬ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።

"ሲሞክሩ ነበርኩ" አለች። ጥርት ባለው አማርኛዋ። "አረንጓዴው ሲጠፋ ቢጫው መጣ።"

"ቢጫ ማለት ምንድን ነው?" አለ ምክትሉ።

"ሁለተኛው ሰርቨር መለሰ ማለት ነው" አለ ኃላፊው፣ ከአፏ ተቀብሎ። "ሠርቷል ማለት ነው።"

"ቢጫው ምን ይል ነበር? እሱን ንገሪያቸው!" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል። እሷ የተጣጠፈ መሀረቧን ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች።

"ወይዘሮ፣ ይረጋጉ" አለ ምክትሉ። "የራስዎ ምስክር ናት።"

በዚያው አለቀ። በስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ ያደረገ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ አገሩ እንዲያ ነው። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። የእኔ የቡድን መሪነት ለእሷ ተሰጠ።

ደጅ ላይ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ይዤ አቆምኳት።

"ለምን?"

"አልዋሸሁም፣ እህቴ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። አንዲት የውሸት ቃል አለችበት?"

ፈለግሁ። የለችበትም። ስንት ጊዜ ቃል በቃል ደግሜዋለሁ፤ የለችበትም። ብትዋሽ ኖሮ ይቅር እላት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ደንግጦ ይዋሻል። እሷ ግን ደንግጣ አልነበረም፤ ከእውነቱ ላይ የሚበቃትን ያህል ቆርሳ ነው የሰጠችው።

አንድ እሑድ ጸሎት ቤት ለምስክርነት ተነሣች። እኛ ዘንድ ሰው እግዚአብሔር ያደረገለትን በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። "ጌታ በሥራ ቦታዬ ከፍ አድርጎኛል" አለች። "ያላሰብኩትን ወንበር ሰጥቶኛል።" ሕዝቡ አሜን አለ፣ እልል ተባለ። መሪው ደስ ብሎት ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። "አብራት የምትሠራ እህታችንም እዚህ አለች። እስቲ ተነሥተሽ ጸልዪላት፣ ባርኪያት።"

ተነሣሁ። ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀችኝ። እጄን ትከሻዋ ላይ ጫንኩ፣ ወጉ ስለሆነ። ጸለይኩ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም፤ ለአንባቢ የተነገረ አይደለም። ሕዝቡ አሜን አለ። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ጸሎት ቤት ሄድኩ።

ግምጃ ቤቱ መስኮት የለውም። ገመድ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ያረጀ ስክሪን፣ ቀለም የጨረሰ ማተሚያ። ሰው የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን ያመጣል፣ ዕቃውን እሰጣለሁ። ዓመቱ እንዲህ አለፈ።

ቀጣዩ ምዝገባ ሲቀርብ እሷ ታቦር ቤቴ ድረስ መጣች። ዳገቱን በእግሯ ነው የወጣችው፤ እያለከለከች ነበር። ሙዝ ይዛ መጥታለች። ተቀበልኳት፣ ውኃ ሰጠኋት፤ እንግዳ ናት።

"ያንን ሙከራ እንዴት እንዳደረጉት ያሳዩኝ" አለችኝ። "ሁለቱን ባንድ ማሽን ላይ። ስሞክር አይተያዩልኝም።"

"እሱ ነው የላከሽ?"

"እሱ አያውቅም። እሱ ኮዱ ደህና ነው ብሎ ጉዳዩን ዘግቶታል።" ውኃውን አስቀመጠች። "አሁን ቢወድቅ በእኔ ነው የሚወድቀው፣ እህቴ።"

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ሌላ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማየት ፈለግሁ። ዝም ብዬ ልሸኛት እችል ነበር። ግን የምትወድቀው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሣሩ ላይ የሚቆሙት ልጆችም ናቸው።

"አሳይሻለሁ" አልኩ። "ኮዱ ላይ የምትገባዋንም ቃል እነግርሻለሁ። አንቺም አንድ ነገር ታደርጊያለሽ። ያን ቀን የነበሩት ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ ቢጫው ምን ይል እንደነበር ትናገሪያለሽ።"

"እናገራለሁ። በጌታ ፊት ቃሌ ነው።"

"በጌታ ፊት አላልኩሽም። በምክትሉ ፊት ነው ያልኩሽ።"

"በምክትሉ ፊት" አለች።

ላፕቶፗን ከፈተች። ሁለቱን ቅጂዎች አስነሣን፤ እንዲተያዩ አደረግኋቸው፤ ስህተቷ ትንሽ ነበር። የቀን መቁጠሪያውን ኮድ ከፍታ የጎደለችውን ቃል ራሷ ጻፈች። ለእኔ ያልፈቀደውን ለእሷ ፈቅዶላታል፤ ኮዱን መንካት ትችላለች። በአማርኛ ገባች፣ መረጠች፣ አረንጓዴውን ገደለች። ቢጫው መጣ፤ ስሟ አለ፣ የመረጠችው ሁሉ አለ። በሲዳሙ አፎም ሞከረችው። አጨበጨበች። "ተመስገን!" ብላ አቀፈችኝ። እኔ ቆሜ ነበር፤ እጄ ጎኔ ላይ ነበር።

ሰኞ የምዝገባ ዝግጅት ስብሰባ ነበር። እኔ አልተጠራሁም፤ የግምጃ ቤት ሰው አይጠራም። ከወትሮው የተሻለ ልብስ ለብሼ ግምጃ ቤቱ ገባሁ። ቢያስጠሩኝ ብዬ ነው። በሩን ክፍት አድርጌ ጠበቅሁ። ሰው ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። ስብሰባው አልቆ ሰዎች ሲወጡ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ኃላፊው የሆነ ነገር ብሎ ይሳሳቃሉ።

እሷ የኔትወርክ ገመድ መጠየቂያ ይዛ መጣች። ሳመችኝ። ስለ ልጇ የጥርስ ሕመም ነገረችኝ። ገመዱን ከመደርደሪያው አውርጄ እየጠቀለልኩ ጠየቅኋት።

"ተናገርሽ?"

"አጀንዳው ብዙ ነበር።"

"ተናገርሽ ወይ ነው ያልኩሽ።"

ወደ ኮሪደሩ ተገላምጣ አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አሁን ብናገር፣ ያኔ አፍሽን ምን ዘግቶት ነበር ይሉኛል። እሱስ ያስቀምጠኛል? እርስዎ ጡረታዎ ደርሷል፣ እህቴ። እኔ ገና ነኝ። ዋናው ልጆቹ በደህና መመዝገባቸው አይደለም?"

በደህና ተመዘገቡ። ያ ምዝገባ አንድ ሰው ሳይጣል አለፈ፤ ኃላፊውም በዚያ ተመሰገነ፣ እሷም። ይህ ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገመዱን ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ልትወጣ ዞረች።

"ቦርሳሽን ክፈቺ" አልኳት።

"ምን?"

"ከግምጃ ቤት የሚወጣ ሰው ይፈተሻል። ደንብ ነው።"

ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። "እኔንም?"

"ሁሉንም።"

ኮሪደሩ ላይ ከስብሰባው የሚመለሱ ሰዎች ቆመዋል። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተች። ፊቷ ቀልቷል። ገመዱን አወጣሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣሁ፣ የስልክ ቻርጀሯን፣ መሀረቧን፣ የልጇን መድኃኒት። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰው እያየ ደረደርኳቸው። ከዚያ መልሺ አልኳት። እስክትከት ቆሜ ጠበቅሁ።